መድኃኒት ከተገኘ ወዲያ ዕዳው የማን ነው?

ሞያሌ በአንድ ስም የምትጠራ ሁለት ከተማ ናት። አንደኛይቱ በኢትዮጵያ፥ ሁለተኛይቱ በኬንያ በማርሳቢት ግዛት ውስጥ ትገኛለች፤ በመካከላቸው ያለው የወሰን መስመርም ዘመድን ከዘመድ፥ ገበያን ከገበያ ይለያል። ሕዝቡ ግን፥ ቦረናውም ገብራውም ቡርጂውም ገሪውም፥ ማለዳ ተሻግሮ ማታ ይመለሳል። በ2020 በወሰኑ ላይ ሁለቱ መንግሥታት አብረው የሚፈትሹበት ጣቢያ በመሪዎቻቸው ተመርቋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በደጋ የምንኖር ሰዎች ስለዚያ አገር ስናስብ አስቀድሞ የሚታየን ሙቀቱ፥ አቧራውና ግመሉ ነው። ስለ እባብ የተነሣ እንደ ሆነ ደግሞ የቆላ ነገር ነው ብለን እናልፈዋለን። ዛሬ ለአንባቢ የማቀርበው ጥያቄ ግን ከዚያው ከቆላው ነገር የሚነሣ ነው፤ የሚያርፈውም በደጋውም በቆላውም ሰው ትከሻ ላይ ነው።

አንድ እረኛ ከኬንያይቱ ሞያሌ ወደ ደቡብ በተዘረጋው ሜዳ ግመሎቹን ሰብስቦ ሲመለስ፥ በመሸ ጊዜ፥ እፉኝት ረግጦ እግሩን ነደፈችው እንበል። በሰሜን ኬንያ ቆላ ይህን ከሚያደርጉት እባቦች አንዷ አጭርና አሸዋ መሳይ ናት፤ ስትቈጣ ቅርፊቷን እርስ በርሱ እያፋተገች እንደ መጋዝ ያለ ድምፅ ታሰማለች። መርዟ ብዙውን ጊዜ ሰውን ወዲያው አይገድልም። እግሩ ያብጣል፤ ሕመሙ ይበረታል፤ ቤተ ሰቡም ያልፍለታል እያሉ አጠገቡ ያድራሉ። አንዱ ጥቁር ድንጋይ በቁስሉ ላይ ያኖርለታል፤ ሌላው እግሩን በገመድ አጥብቆ ያስረዋል። በዚህ መካከል መርዙ ደምን የሚያረጋውን ኃይል ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ከድዱ ይደማል፤ የቈየ ቁስል ካለውም ከዚያ ይደማል፤ በመጨረሻም ዐይን ከማያየው ከሰውነቱ ውስጥ ይደማል።

ሐኪም ይህን የሚያውቅበት መንገድ እጅግ ቀላል ነው። ጥቂት ደም ይቀዳና ንጹሕና ደረቅ በሆነ የመስተዋት ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ 20 ደቂቃ ሳይነካው ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ብልቃጡን ያዘነብለዋል። ደሙ እንደ እርጎ ረግቶ ቢቆም መልካም ነው፤ እንደ ውሃ ቢፈስ ግን መርዙ በሥራ ላይ ነው። ለዚህ ምርመራ የኤሌክትሪክ ኃይልም ሆነ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ብልቃጥ፥ ሰዓትና የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከሃያው ደቂቃ በኋላ፥ ሐኪሙ መድኃኒቱን ለማውጣት ወደ ማቀዝቀዣው ሲሄድ ነው።

መድኃኒቱስ ምንድር ነው? የሰውም የእንስሳም ሰውነት እንግዳ ነገር በገባበት ጊዜ ያን እንግዳ ለይቶ የሚይዝ ነገር በደሙ ውስጥ ያበጃል፤ ሐኪሞች ፀረ እንግዳ አካል ብለው ይጠሩታል። መልኩ እንደ ባላ እንጨት ነው ይላሉ፤ በሁለቱ ቅርንጫፎቹ ጠላቱን ይይዛል፥ በግንዱ ደግሞ ሌሎቹን የሰውነት ጠባቂዎች ይጠራል። በ1890 ጀርመናዊው ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ፥ በሽታን የተቋቋመ እንስሳ ደም ውስጥ የሚገኘው ውሃ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ያንን ከበሽታው እንደሚጠብቅ በበርሊን አሳዩ። ለሕክምና የተሰጠው የመጀመሪያው የኖቤል ሽልማት በ1901 ለቤሪንግ ሆነ፤ የሥራ ባልንጀራው ኪታሳቶ ግን ከሽልማቱ አልተካፈለም። በ1894 ደግሞ ፈረንሳዊው አልቤር ካልሜት በዚሁ መንገድ የእባብ መርዝ ማርከሻ ሊዘጋጅ እንደሚችል አስታወቀ።

ከዚያ ወዲህ የሥራው መሠረት ብዙ አልተለወጠም። ለፈረስ ከእባብ የተወሰደ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ፥ እያደር እየጨመረ ይሰጠዋል፤ ፈረሱም መርዙን እየለመደ በደሙ ውስጥ ማርከሻውን ያበጃል። ከዚያ ደሙ ይቀዳል፥ ማርከሻው ተለይቶ ይጣራል፥ በብልቃጥም ይታሸጋል። አባቶቻችን ታላቅ ሰውን በፈረሱ ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው ማለታቸው ስለዚህ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ለዋሉት ፈረሶች ግን ስም ያወሳላቸው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስሙ የቀረለት አንድ ፈረስ ዐውቃለሁ፤ የእርሱን ነገር ወደ ኋላ እናገራለሁ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ከ1894 በፊት በእፉኝት ተነድፎ የሞተ ሰው ሞቱ ኀዘን ነበረ፤ የሚጠየቅበት ሰው ግን አልነበረም። መድኃኒቱ ከታወቀ በኋላ፥ መድኃኒቱ ሳይደርሰው የሞተ ሰው ሞትስ ምን ይባላል? እንደ ፊተኛው ያለ የተፈጥሮ አደጋ ነውን? ወይስ ባለ ዕዳ አለበት?

ብዙ ሰዎች ባለ ዕዳ የለበትም ይላሉ፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። እረኛውን እኔ አላስነደፍሁትም፤ መርዙን በእባቡ አፍ ያኖርሁት እኔ አይደለሁም፤ በደል ያልሠራ ሰውም ካሣ አይከፍልም ይላሉ። ይህ የዳኝነት ሕግ ነው፥ በቦታውም እውነት ነው። ነገር ግን በደልና ዕዳ አንድ አይመስሉኝም። በክረምት ከሚሞላ ወንዝ አጠገብ የተወለደ ሰው መሻገሪያውን ያውቃል። መንገደኛ መጥቶ በጥልቁ በኩል ሊገባ ሲል ዝም ብሎ ተቀምጦ ቢያየው፥ ወንዙን እርሱ አልሞላውም፥ መንገደኛውንም እርሱ አልገፋውም። ይሁን እንጂ በአገር ሽማግሌ ፊት ቀርቦ እኔ ምን አደረግሁ ቢል የሚያዋጣው አይመስለኝም። ያስጠየቀው ሥራው አይደለም፥ እውቀቱ ነው። መሻገሪያውን ባያውቅ ኖሮ ከመንገደኛው ጋር አብሮ ከማዘን በቀር ምንም አይጠየቅም ነበር።

ይህን ስል ዕዳው ወሰን የለውም ማለቴ አይደለም። መሻገሪያውን የሚያውቀው ሰው እንዲጮኽ፥ ቢቻለውም እጁን እንዲዘረጋ ይገባዋል እንጂ ለእያንዳንዱ መንገደኛ ራሱን ለወንዝ እንዲሰጥ አይገደድም። ደግሞም በወንዙ ዳር የተቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ዕዳው ግልጥ ነው። ሺህ ሰው ተቀምጦ እንደ ሆነ ግን እያንዳንዱ በባልንጀራው ያመካኛል፤ ለሺህ የተካፈለ ዕዳም የማንም ሳይሆን ይቀራል። የእባብ መርዝ ማርከሻን ያገኘው ነገር ይኸው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ዐዋቂዎቹም ብዙዎች ናቸው፤ ተነዳፊው ግን በአብዛኛው ድሃ ገበሬ፥ እረኛ፥ ማገዶ ለቃሚ ሴት፥ ወይም ከእነርሱ ጋር የሚሄድ ሕፃን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርስ ሰው በእባብ መርዝ ይሞታል፤ እጅ እግሩን የሚያጣው ወይም ለዘለቄታው አካሉ የሚጎዳው ደግሞ ከዚህ ሦስት እጥፍ ያህል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል። መድኃኒት ሠሪውም ሰው ነው፤ ፈረስ ያስቀልባል፥ እባብ ያስጠብቃል፥ ለሠራተኛ ደመወዝ ይከፍላል። ድሃው ሊገዛው ስለማይችል ያለ ዋጋ ይስጥ ብንል፥ በአንድ ዓመት ውስጥ በሩን ይዘጋል፤ በሚመጣውም ዓመት ለማንም አይኖርም። ይህ እውነት ነው። በዚህ ነገር ላይ ሳስብ አንድ የምናውቀው ታሪክ ረድቶኛል። በኢያሪኮ መንገድ ላይ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ነገር ስንሰማ ዘወትር የምንቆመው በሳምራዊው ርኅራኄ ላይ ነው፤ አይተው ያለፉትንም ሁለቱን እንወቅሳለን። የእንግዳ ማደሪያውን ጌታ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ያ ሰው ሁለት ዲናር ተከፍሎታል፤ ወጪው ቢበልጥም ኋላ እንዲከፈለው ቃል ተገብቶለታል። ያለ ዋጋ አስታምም ያለው የለም፥ ዋጋ በመቀበሉም ማንም አልነቀፈውም። የቆሰለው ሰው ደግሞ ስለ ሒሳቡ አንዲት ቃል አልተጠየቀም። እንግዲህ በዚያ ታሪክ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ቁስለኛው፥ ባለ ማደሪያውና ከፋዩ። እኛ ስንከራከር ዘወትር ሁለቱን ብቻ፥ ቁስለኛውንና ባለ ማደሪያውን፥ ፊት ለፊት እናቆማቸዋለን። ሦስተኛው ከመካከል ጠፍቷል።

ከፋዩ በጠፋ ጊዜ የሚሆነውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሳኖፊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ፋቭ-አፍሪክ የሚባል፥ ለ10 ዓይነት የአፍሪካ እባቦች መርዝ የሚሆን ማርከሻ ይሠራ ነበር። ሐኪሞች ያመሰገኑት መድኃኒት ነበር። ነገር ግን ገዢው ጥቂት ሆነ፥ ርካሽ መድኃኒቶችም ገበያውን ወሰዱት፤ ኩባንያው በ2014 ሥራውን አቆመ። የመጨረሻዎቹ ብልቃጦች የአገልግሎት ጊዜያቸው በሰኔ 2016 አለቀ። በዚያ ዓመት በአፍሪካ ቆላ የተነደፈ ሰው መድኃኒት ያጣው ዕውቀት ስለ ጎደለ አይደለም። ዕውቀቱ ነበረ፥ ፈረሱም ነበረ። ባለ ማደሪያው ግን ከፋይ ስላጣ ቤቱን ዘጋ። ኩባንያውን ብቻ መውቀስ ይቀላል፤ እኔ ግን ወቀሳው ሁሉ በእርሱ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ለሌሎቻችን የሚመች ማምለጫ ይመስለኛል።

ርካሹ መድኃኒትስ? ስለ እርሱም እውነቱን መናገር ይገባል። ማርከሻ የሚረዳው ለዚያው ለተዘጋጀበት እባብ ነው፤ ከእስያ እባብ መርዝ የተዘጋጀ ማርከሻ የአፍሪካን እፉኝት መርዝ ላይመክት ይችላል። በጋናና በቻድ እንዲህ ያለ የማይስማማ መድኃኒት በርካሽነቱ ተገዝቶ በገባበት ጊዜ በእፉኝት የተነደፉት ሰዎች ሞት እጅግ እንደ ጨመረ በሐኪሞች ተጽፏል። ብልቃጡ ብልቃጥ ይመስላል፥ ጽሑፉም ጽሑፍ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ግን ለዚያ ሰው ውሃ ነው። መድኃኒት ሳይኖር መድኃኒት አለ ብሎ ማሳመን ከማጣት ይከፋል፤ ታማሚው ሌላ ከመፈለግ ያርፋልና።

ስሙ ቀርቷል ያልሁትን ፈረስ እዚህ ላይ ላንሣው። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ጂም የሚባል፥ አስቀድሞ የወተት ጋሪ ይጎትት የነበረ ፈረስ ነበረ። ጉሮሮ አንቆ ሕፃናትን ለሚገድለው ለዲፍቴሪያ የሚሆን ማርከሻ ከደሙ ይወሰድ ነበር፤ የብዙ ልጆች መዳኛም ሆነ። በ1901 ጂም ራሱ ቲታነስ ያዘው፤ አስቀድሞ ከእርሱ ተቀድቶ የነበረው ደም ግን በሚገባ ሳይመረመር ተከፋፈለ፥ 13 ልጆችም ሞቱ። በሚከተለው ዓመት፥ በ1902፥ የአሜሪካ መንግሥት እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ሳይመረመሩና ሳይፈቀዱ እንዳይሸጡ ሕግ አወጣ። መርማሪውም፥ መዝጋቢውም፥ በጠረፍ ያለው የመድኃኒት ተቈጣጣሪም እንግዲህ ከፋዩ ሊያስብላቸው ከሚገባው ወጪ ውስጥ ናቸው። በሞያሌ ግን ይህ ነገር ሌላ ችግር አለው፤ በአንዱ ወገን የተመዘገበ መድኃኒት በመመዝገቡ ብቻ በሌላው ወገን የተፈቀደ አይሆንም፤ እፉኝቲቱ ግን በሁለቱም ወገን አንዲት ናት።

መልካምም ነገር ሆኗል፤ ይህን ሳልጠቅስ ብቀር በደል ይሆንብኛል። በሰኔ 2017 የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንክሻን ቸል ከተባሉት የሞቃት አገር በሽታዎች ጋር ቈጠረው፤ በ2019ም እስከ 2030 ድረስ ሞቱንና የአካል ጉዳቱን በግማሽ ለመቀነስ ዕቅድ አወጣ። በናይሮቢ በካረን ባለው የፕራይሜት ምርምር ተቋም ደግሞ የኬንያ ሊቃውንት ከእንግሊዝ የሊቨርፑል የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ሆነው የአገሩን እባቦች መርዝ እየሰበሰቡ፥ ለኬንያ ሰው የሚስማማ ማርከሻ ለማግኘት ይደክማሉ።

አሁን ደግሞ ከፈረስ ወደ ግመል እንሻገር፤ የሞያሌ ሰው ግመሉ ምን እንደ ሆነ ቢነገረው ደስ ይለዋል ብዬ አስባለሁ። በብራስልስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለልምምድ የሚሆን ደም ፈልገው፥ ለገንዲ መሰል በሽታ ጥናት ተብሎ በማቀዝቀዣ የተቀመጠ የግመል ደም ተሰጣቸው ይባላል። በዚያም ውስጥ ያልጠበቁትን አገኙ። የሌላው እንስሳ ባላ ከወፍራምና ከቀጭን ክፍል ተጣምሮ የተሠራ ሲሆን፥ ግመል ግን ከዚህ በተጨማሪ ቀጭኑ ክፍል የሌለው፥ በወፍራሙ ብቻ የቆመ ባላ ነበረው። ይህ በ1993 ለዓለም ታወቀ። የዚያ ባላ ጫፍ ተቈርጦ ብቻውን ሲወሰድ እጅግ ታናሽ፥ ሙቀትንም ታጋሽ ሆኖ ይሠራል፤ እንስሳው ሳይደማም በታናናሽ ሕዋሳት ውስጥ ሊባዛ ይችላል። በዚህ መንገድ የተሠራ የመጀመሪያው መድኃኒት፥ ለአንድ ክፉ የደም በሽታ የሚሆን፥ በ2018 በአውሮፓ ተፈቀደ። በ2025 ደግሞ የዴንማርክ ሊቃውንት የግመል ዘመዶች ከሆኑት ከላማና ከአልፓካ ስምንት እንደዚህ ያሉ ባላዎች መርጠው አንድ ላይ ቢያደርጓቸው፥ የ17 ዓይነት የአፍሪካ ኮብራዎችና ማምባዎች መርዝ በአይጥ ላይ እንደ መከቱ አሳተሙ። ለእፉኝት ገና አልተሠራም፤ በሰውም ላይ ገና አልተሞከረም። ማቀዝቀዣ በሚጠፋበት አገር ሙቀት የሚታገሥ መድኃኒት ምን ማለት እንደ ሆነ ግን ማንም ሊገምተው ይችላል።

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ እንስሳ ደም ነው። የሰው ደምስ? በ1995 በኮንጎ በኪክዊት ከተማ ኢቦላ በገባ ጊዜ ሐኪሞች ከዳኑት ሰዎች ደም ወስደው ለ8 ሕሙማን ሰጡ፤ ሰባቱ ዳኑ። ያዳናቸው ያ ደም ብቻ ለመሆኑ ማረጋገጫ አልነበረም። ኋላ ግን በዚያው ወረርሽኝ ከዳነ ከአንድ ሰው ደም፥ ዓመታት ካለፉ በኋላ፥ ኢቦላን የሚይዝ አንድ ፀረ እንግዳ አካል ተለየ። በዚህ ሥራ ኮንጎአዊው ሐኪም ዣን ዣክ ሙየምቤ ታላቅ ድርሻ ነበረው። በ2018 እና በ2019 በኮንጎ ምሥራቅ በተደረገው ፈተና፥ ከዚያ ሰው ደም የተገኘውን መድኃኒት ከተቀበሉት ከመቶ 35 ያህሉ ሞቱ፤ ቀድሞ የተሠራውን ሌላውን መድኃኒት ከተቀበሉት ግን ከመቶ 50 ያህሉ። በታኅሣሥ 2020 ኢባንጋ በሚል ስም በአሜሪካ ተፈቀደ። አንድ የኪክዊት ሰው ታምሞ፥ ከሞት ጫፍ ተመልሶ፥ ያተረፈው ነገር በደሙ ውስጥ ነበረ፤ ያንንም ሰጠ። ይህን መድኃኒት የሚያመርተው ድርጅት ዋጋ ይገባዋል፥ አልክድም፤ ግን ኮንጎአዊ ሲታመም መድኃኒቱ ሩቅ አገር በመጋዘን ቢሆን፥ ዕዳው የማን እንደ ሆነ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም።

ከዚህም የሚያልፍ ሕክምና መጥቷል። ከታማሚው ከራሱ ደም ሕዋሳትን አውጥተው፥ በቤተ ሙከራ ዘረ መላቸውን ለውጠው፥ ካንሰርን እንዲያውቁና እንዲወጉ አስተምረው ይመልሱለታል። በ2012 በፊላዴልፊያ በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ሕፃን ታክማለች፤ በ2017 ሕክምናው ሲፈቀድ ዋጋው 475,000 የአሜሪካ ዶላር ሆነ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ በሚቈለመምበት በሽታ ለተያዙት፥ ካስጄቪ የተባለ የዘረ መል ሕክምና አስቀድሞ በብሪታንያ፥ ቀጥሎም በአሜሪካ ተፈቀደ። ይህ በሽታ ከሕፃንነት ጀምሮ አጥንት የሚሰብር ያህል ሕመም የሚያመጣ ነው፤ ከእርሱ ጋር ከሚወለዱት ሕፃናት ከሦስት አራተኛ በላይ የሚወለዱት ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። የሕክምናው ዋጋ በአሜሪካ ለአንድ ሰው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ይህን ቍጥር ያየ ሰው ወዲያው በልቡ ያሰላል፤ በአንድ ሰው ሕክምና ስንት ሺህ የመርዝ ማርከሻ ብልቃጥ ይገዛ ነበር ይላል። እኔም አስልቼ ነበር፥ ኋላ ግን ተመለስሁ። ገንዘቡ በአንድ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አይደለም፤ ለአሜሪካዊው ሕመምተኛ ብንከለክለው ብልቃጡ ወደ ሞያሌ አይመጣም። አንዱን ድሃ ከሌላው ሕመምተኛ ጋር ማጣላት ከፋዩን ዳግመኛ ከመካከል ማስጠፋት ነው። ደግሞም የፈረስ ደም ማርከሻ በ1894 ለሰሚው እንደዚሁ ተአምር ነበረ፤ ዛሬ ውድ የሆነው ለዘላለም ውድ አይሆንም። ነገር ግን ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ያ የቀድሞው ተአምር ገና ያልደረሰበት መንደር መኖሩን ሳስብ፥ አዲሱ ተአምር ዋጋው ሲረክስ በራሱ ይደርሳል የሚለውን ተስፋ አላምነውም። ስለዚህ ቅደም ተከተል ይገባል እላለሁ፤ የታወቀውና ቀላሉ አስቀድሞ፥ ቢቻል በያዝነው ዘመን። የሚከፍለውም መንግሥት ቢሆን፥ ማኅበር ቢሆን፥ በደጋ ያለ ጉባኤ ቢሆን፥ የተነደፈው እረኛ ግመሉን ሽጦ በራሱ እንዲከፍል መተው ግን ቁስለኛውን ለባለ ማደሪያው ሒሳብ ማስያዝ ነው። እረኛው አንዲት ግመል ሸጠ ማለት ለልጆቹ የወተት ምንጭ ሸጠ ማለት ነውና።

ከእናንተ ወገን ብዙዎች በአስተማሪነት፥ በንግድ፥ በመኪና ነጂነት ወደ ቦረናና ከዚያም ወዲያ ወደ ማርሳቢት እንደሚወርዱ ዐውቃለሁ። ስለዚህ ሐኪሞች የሚመክሩትን በአጭሩ እጽፋለሁ፤ ለሚወርደውም ንገሩት። በመሸ ጊዜ ጫማ ሳያደርጉና መብራት ሳይዙ አይሂዱ፤ በመሬት ላይ አይተኙ። የተነደፈ ሰው አይሩጥ፥ የተነደፈውንም እጅ ወይም እግር እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፈው ሳያንቀሳቅሱ ያኑሩት። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቅ። ቁስሉን በምላጭ አይብጡት፥ በአፍም አይምጠጡት፥ በገመድም አያንቁት፤ ደም የተከለከለ እግር በእስራቱ ሊጠፋ ይችላል። ጥቁሩ ድንጋይ መርዝ አያወጣም፤ የሚያወጣው ጊዜ ነው፥ ያ ጊዜም ለሐኪም ቤት መንገድ ይበቃ ነበር። እባቡን ለመግደል አትከተሉት፥ ሁለተኛ ሰው ያስነድፋልና። በመኪናም በቦዳቦዳም ቢሆን፥ በሌሊትም ቢሆን፥ ከወሰኑ በየትኛውም ወገን ቅርብ ወደሆነው ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ማርከሻው የፈረስ ደም ስለሆነ አንዳንድ ሰው ሊቈጣው ይችላልና ያለ ሐኪም በቤት የሚወጉት አይደለም። ሐኪሙ ደሙን በብልቃጥ አድርጎ 20 ደቂቃ ጠብቁ ቢላችሁም አትቈጡት፥ ቸል ያላችሁ እንዳይመስላችሁ፤ እርሱም ከእናንተ ጋር እየጠበቀ ነው።